እድራችንስ እድር አለው ወይ?

ለሠፈራችን ነዋሪዎችና ለእድራችን አባላት በሙሉ፤

ስለ ክፉ ቀን ለእድርተኛ መናገር ለቀባሪ ማርዳት መሆኑን አጥቼው አይደለም ይህን የምጽፈው። በዚህ ሠፈር ክፉ ቀን ያላየ ቤት የለም። ጡሩምባው ሲነፋ ሁላችንም እንነሣለን፤ ድንኳኑን የሚያወጣው ያወጣል፣ አግዳሚውን የሚሸከመው ይሸከማል፣ ሴቶቹ ድስቱን ይጥዳሉ፤ ሟቹ ማንም ይሁን ማን በክብር ይቀበራል። በዚህ እንኮራለን፤ ልንኮራም ይገባናል። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የሁላችንን ክፉ ቀን የሚሸከመው እድር በራሱ ላይ ክፉ ቀን ቢመጣበት ማን ይሸከመዋል? ለእኛ ድንኳን የሚተክለው እድር የገዛ ድንኳኑ ቢቃጠል ማን ሊተክልለት ነው?

ይህ ጉዳይ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳ ተይዞ ነበር። የእድሩ ንብረት መድን ይግባለት የሚል ሐሳብ ቀረበና አሥር ደቂቃ እንኳ በወጉ ሳንነጋገርበት «ሌላ ጊዜ ይታያል» ተብሎ ታለፈ። በዚያው ቀን የጠፉትን ሁለት ትሪዎች ጉዳይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተከራክረንበታል። ትሪው አይጠየቅ አላልኩም፤ ይጠየቅ። ነገር ግን ለሁለት ትሪ አንድ ሰዓት፣ ለመላው ዕቃ ቤት አሥር ደቂቃ መስጠት ትክክል ነው የሚል ካለ ይምጣና በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ እኔም አነባለሁ።

ከደረሰብን እንጀምር

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ባለፈው ነሐሴ የደረሰብንን ላስታውሳችሁ። አንድ ጎረቤታችን ዐርፈው ድንኳን ተተከለ። ሰሞኑን ሲዘንብ ስለ ሰነበተ ካስማው የተመታው ጭቃ ውስጥ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ ነፋስ ተነሣና የድንኳኑን አንድ ወገን ነቅሎ ጣለው። ብረቱ ከሌላ ሠፈር ለለቅሶ በመጣ አንድ አናጢ ላይ ወደቀና እግሩን ሰበረው።

ከዚያ በኋላ ምን አደረግን? ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ስብሰባ «ካስማውን የመታው ማን ነው?» በሚል ጭቅጭቅ አለቀ። በሁለተኛው ላይ ደግሞ አንድ ሰው ተነሥቶ «ለቅሶው የማን ነው? ሐዘንተኞቹ ይክፈሉ እንጂ!» አለ። ባልዋን ገና ትናንት የቀበረች ሴት ይህን ሳትሰማ መቅረቷ ደግ ሆነ። በሦስተኛው ከየቤቱ መዋጮ ይሰብሰብ ተባለ። ግማሹ ከፈለ፣ ግማሹ «እኔ ያን ቀን አልነበርኩም» አለ። የተሰበሰበው ገንዘብ የሕክምናውን ወጪ እንኳ ሞልቶ አልሸፈነም። ሰውየው በቀን ሥራ የሚተዳደር ነው፤ መዶሻ ካልያዘ ቤቱ እሳት አይነድም። ከሁለት ወር በላይ ተኛ። የሰጠነውን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀብሎ ሄደ። አልከሰሰንም። አለመክሰሱ የጨዋነቱ ነው እንጂ መብት ስላልነበረው አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማንወደውን እውነት ልናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የምንዳኝበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በሕግ ሰውነት ያለው ማኅበር ኃላፊዎቹና ተቀጣሪዎቹ የማኅበሩን ሥራ ሲሠሩ በሰው ላይ ለሚያደርሱት ጥፋት ተጠያቂ ነው ይላል። የሕንፃ ባለቤትም ሕንፃው በሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት፣ ነገሩ ያልታሰበ ድንገተኛ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው። ታዲያ የእኛ እድር ተመዝግቧል፤ ማኅተም አለው፤ በስሙ የባንክ ደብተር ከፍቷል፤ አዳራሽ ሠርቶ የመንገድ ዳሩን ሁለት ክፍል ለሱቅ አከራይቷል። ነገ የአዳራሹ ቆርቆሮ ተገንጥሎ መንገደኛ ላይ ቢወድቅ «እኛ እኮ እድር ብቻ ነን» ማለት ዳኛ ፊት አያዋጣም። ኪራይ ስንቀበል ባለንብረት፣ ጉዳት ሲደርስ የደሃ ማኅበር መሆን አንችልም።

«እድር ራሱ ኢንሹራንስ ነው» ለሚሉ

በጉባኤው ላይ ከሁሉ በላይ የተጨበጨበለት ንግግር ይህ ነበር። «እድር ራሱ ኢንሹራንስ ነው፤ ለኢንሹራንስ ኢንሹራንስ አይገባም!» ተባለ፤ ሰውም ሳቀ። አባባሉ ያምራል። ግማሹም እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ቤታችንን የሚያፈርስ ስሕተት ነው።

እድር የሚሠራው ሞት በየተራ ስለሚመጣ ነው። 300 ቤት አለን እንበል። ዛሬ አንዱ ቤት ሲያዝን 299ኙ ደኅና ነው፤ ስለዚህ ደኅናው ያዘነውን ይደግፋል። ነገ ተራው ይለወጣል። የእድር ጥበቡ ይኸው ነው፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያለ ማንም አስተማሪ የደረሱበት ትልቅ ጥበብ ነው። ዕቃ ቤቱ ሲቃጠል ግን ተራ የሚባል ነገር የለም። 300ውም ቤት በአንድ ሌሊት፣ በአንድ እሳት ተጎጂ ይሆናል። ደጋፊና ተደጋፊ አይለይም። ያን ጊዜ ማን ለማን ያዋጣ? አንዱ እጃችን ከሌላው እጃችን ሲበደር ምን ይተርፈናል?

መድን ማለት ይህንኑ የእድር ጥበብ ከሠፈር አጥር አውጥቶ ወደ አገር ማስፋት ነው። መድን ስንገባ የመርካቶ ባለ ሱቅ፣ የአዳማ ባለ ፋብሪካ፣ የሐዋሳ ባለ ሆቴል ከእኛ ጋር እድርተኛ ሆኑ ማለት ነው። የእኛ ዕቃ ቤት ሲቃጠል የእነሱ ደኅና ነው፤ እነሱ ያዋጡት እኛን ያነሣል። በሌላ ዓመት ደግሞ የእኛ መዋጮ እነሱን ያነሣል።

ለኢንሹራንስ ኢንሹራንስ አይገባም የተባለውም ሐሰት ነው። የመድን ኩባንያዎቹ ራሳቸው መድን ይገባሉ! ይህ ጠለፋ ዋስትና ይባላል፤ ለዚሁ ሥራ የቆመ የአገር ውስጥ ኩባንያም በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ብዙ ሚሊዮን ብር የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ «ብቻዬን አልችለውም» ብሎ ሌላ ትከሻ ሲፈልግ፣ አንድ ዕቃ ቤትና አራት ድንኳን ያለው የእኛ እድር «ብቻዬን እችላለሁ» ይላል። ድፍረት ነው ወይስ አለማወቅ?

እሳት እንደሆነ የማንንም ደጅ አይመርጥም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን ቃጠሎ ሁላችንም አይተናል ወይም ሰምተናል። የአንድ ሰው ዕድሜ ልክ ድካም በአንድ ሌሊት ዐመድ ሲሆን አይተናል። የእኛ ዕቃ ቤት ምን ይመስላል? ሸራው ከጣራ እስከ ወለል ተከምሯል። የጄነሬተሩ ነዳጅ በጀሪካን ከሸራው ሥር ተቀምጧል። የኤሌክትሪክ ሽቦው ከሱቆቹ ተቀጥሎ በግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ይህን ጽፌ ሳበቃ እንኳ ማንም ሄዶ ጀሪካኑን ቢያወጣ ጽሑፌ አንድ ሥራ ሠራ እላለሁ።

«ሟርት ነው፤ ፈጣሪ ይጠብቀናል» ለሚሉ

በፈጣሪ ጥበቃ ሁላችንም እናምናለን። ግን እስቲ ልጠይቅ፤ ለዕቃ ቤቱ ዘበኛ የቀጠርነው፣ በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ ያደረግነው አናምንም ብለን ነው? እድር መግባቱስ? ገና በቁማችን ለቀብራችን ስናዋጣ ሟርት ነው ያለን አለ ወይ? ስለ ራሳችን ሞት በየወሩ እየከፈልን ስለ ድንኳኑ መቃጠል ማውራትን መፍራት ግራ የሚያጋባ ነው። በሃይማኖታቸው ምክንያት የተለመደው የመድን አሠራር የሚከብዳቸው ሙስሊም ወገኖቻችን መኖራቸውንም አውቃለሁ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ለዚህም በተካፉል መንገድ የሚሠሩ የአገራችን መድን ሰጪዎች አሉና ኮሚቴው እነርሱንም ጨምሮ ይጠይቅ።

«ኩባንያ መቀበል እንጂ መክፈል አያውቅም» ለሚሉ

ይህ ክስ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። ሲዋዋሉ ፈገግታ፣ ካሣ ሲጠየቅ «ነገ ተመለሱ» የሚሉ መኖራቸውን የማያውቅ የለም። የውል ወረቀታቸውም አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በደቃቃ ፊደል የታተመ ነው። አማርኛ እያወሩ አስማምተው እንግሊዝኛ እያስፈረሙ፣ በኋላ «ውሉን አላነበባችሁም ወይ?» ማለት ነውር ነው። ይህንን በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል፤ የምንገዛው እኛ ነን፣ በሚገባን ቋንቋ ይጻፍልን ማለት መብታችን ነው።

ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚቀረው በእነሱ ጥፋት ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ እኛው ራሳችን በገዛ እጃችን እናስቀረዋለን። እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ እንይ።

አንደኛ፣ ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብ። በእድራችን የንብረት መዝገብ ላይ ትልቁ ድንኳን ዛሬም የተጻፈው በ1999 ዓ.ም. በተገዛበት ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ ዛሬ ካስማውንም ገመዱንም አንገዛበትም። ንብረታችን በሙሉ 600,000 ብር ያወጣል እንበል፤ እኛ ግን አሮጌውን መዝገብ ገልብጠን በ300,000 ብር መድን ገባን እንበል። የ200,000 ብር ዕቃ ቢቃጠል የምናገኘው 200,000 ሳይሆን 100,000 ብር ነው። ግማሹን ብቻ ስላስመዘገብን ለቀረው ግማሽ የራሳችን መድን ሰጪ እኛው ነን ተብሎ ይቆጠራል። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» እንዳይሆንብን፣ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ከዋጋው በላይ አስመዝግቦ ማትረፍም አይቻልም፤ መድን የጠፋውን ይተካል እንጂ ማንንም አያበለጽግም።

ሁለተኛ፣ ዕቃው የት እንዳለ አለመናገር። የእሳት መድን እንደ ልማዱ የሚሸፍነው በውሉ ላይ በተጻፈው ቦታ ያለውን ንብረት ነው። የእኛ ድንኳን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከቤት ቤት ሲዞር ነው የሚውለው። ለቅሶ ቤት ግቢ ውስጥ ተተክሎ ሳለ የምድጃው እሳት ቢይዘው ኩባንያው «በዕቃ ቤት ያለውን ነው የተዋዋልነው» ይላል። ስለዚህ «በሠፈሩ ውስጥ በየትኛውም ቤት ሲተከልና ሲጓጓዝ» የሚል ቃል በውሉ ውስጥ መግባት አለበት። የንፋስና የጎርፍ ጉዳትም ከእሳትና ከመብረቅ ጋር አብሮ ይገኛል ብለን እንዳንገምት፤ ለብቻው ተጠይቆ የሚጨመር ነው።

ሦስተኛ፣ ቁልፍ። የሌብነት መድን በአብዛኛው የሚከፍለው ሌባው ሰብሮ ስለ መግባቱ ምልክት ሲኖር ነው። የእኛ የዕቃ ቤት ቁልፍ አምስት ሰው እጅ ነው ያለው፤ ስድስተኛውም አለ ይባላል። በር ሳይሰበር ዕቃ ቢጠፋ ማንን እንጠይቃለን?

አራተኛ፣ ጊዜ ማሳለፍ። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ መድን የደነገገው ክፍል ዛሬም ይሠራል። አደጋ ሲደርስ መድን የገባው ወገን ማወቁን ተከትሎ ወዲያውኑ፣ ከአምስት ቀን ባልበለጠ ጊዜ፣ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ አለበት። እኛ የአናጢውን ጉዳይ ለመስማማት ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል። በዚህ አካሄዳችን መድን ቢኖረንም ኖሮ መብታችንን ራሳችን ባከራከርነው ነበር። ካሣ የመጠየቁም መብት ቢሆን በሁለት ዓመት በይርጋ ይታገዳል።

አንድ ደስ የሚል ነገርም ልጨምር። «ጥፋቱ የራሳችን ከሆነ አይከፍሉም» የሚል ወሬ አለ። ሕጉ የሚለው እንዲህ አይደለም። መድን በድንገት የደረሰውን ብቻ ሳይሆን በመድን ገቢው ቸልተኝነት የደረሰውንም ጉዳት ይይዛል። የማይይዘው ሆን ተብሎ የተደረገውን ነው። በውሉ ውስጥ ይህን የሚያጠብ ቃል መኖር አለመኖሩን ማንበብ ግን የእኛ ፈንታ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ሞኝ ሳንሆን ወረቀቱን ብቻ እንያዝ።

ሌሎቹ የተረሱ ነገሮች

የአስከሬን ማመላለሻ መኪናችን የሦስተኛ ወገን መድን አለው፤ ይህ በአዋጅ ግዴታ ስለሆነ ነው፤ መስተዋቱ ላይ ተለጥፏል። ብዙ አባላት ግን «መኪናው ኢንሹራንስ አለው» ሲባል መኪናው ራሱ የተጠበቀ ይመስላቸዋል። አይደለም። የሦስተኛ ወገን መድን መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። መኪናው ተገልብጦ ቢሰባበር አንድ ሳንቲም አይመጣም።

ዘበኛችንስ? ክረምት ከበጋ ከደጃችን ቆመው የሚያድሩት አባት ሌባ ቢመታቸው ምን እናደርጋለን? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ሠራተኛ በሥራው ላይ በደረሰበት አደጋ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ቢሳነው የሚገባው ካሣ የአምስት ዓመት ደመወዙን የሚያህል ነው ይላል። በወር 4,000 ብር ለሚከፈለው ሰው አስቡት፤ 4,000 በ12፣ እንደገና በ5፤ 240,000 ብር ነው። በባንክ ደብተራችን ውስጥ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን። ያ ገንዘብ ደግሞ የቀብር ገንዘብ ነው። ለዘበኛው ስንከፍል ሟቻችንን በምን እንቀብራለን? ሟቻችንን ስንቀብር ዘበኛውን በምን ዓይን እናያቸዋለን?

የገንዘብ ያዡም ነገር አለ። በወሩ መጨረሻ እሑድ የተሰበሰበው መዋጮ እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ በአንድ ሰው ቤት ያድራል። ስለ ገንዘብ መድንና ስለ ታማኝነት ዋስትና ሲነሣ «ሌባ አላችሁኝ» ብለው የሚቀየሙ አሉ። የኔታ፣ ማንም ሌባ አላለዎትም። ሌሊት ቤትዎ ተሰብሮ ገንዘቡ ቢወሰድ፣ እርስዎ ንጹሕ ሆነው ሳለ ዕድሜዎን ሙሉ በሐሜት እንዳይኖሩ ነው። ዋስትናው ስምዎን የሚጠብቅ አጥር ነው።

«ገንዘብ የለንም» ለሚሉ

ለምሳሌ ያህል የዓመት አረቦኑ 18,000 ብር ሆነ እንበል። ለ300 ቤት ሲካፈል ለአንድ ቤት በዓመት 60 ብር፣ በወር 5 ብር ነው። አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን አስሉ። መድን የሌለው የ600,000 ብር ንብረት ቢቃጠልና መልሰን እንግዛ ብንል ለአንድ ቤት 2,000 ብር ይደርሰዋል፤ ያውም በአንድ ጊዜ፣ ያውም ሁሉም ቤት ከከፈለ። ለአናጢው እግር ግማሹ ቤት እንዳልከፈለ አንርሳ።

ሁሉን ነገር መድን እናስገባ የሚል ሞኝነትም የለኝም። ብርጭቆ ሲሰበር፣ ትሪ ሲጠፋ፣ አግዳሚ ሲሰነጠቅ ከኪሳችን እንተካለን፤ ለዚህ ትንሽ መጠባበቂያ ይበቃል። መድን የሚያስፈልገው በአንድ ሌሊት እድሩን እድር ከመሆን ሊያወጣው ለሚችለው ነገር ነው፤ ይኸውም ለእሳት፣ ለአዳራሹ፣ ለመኪናው፣ በሌላ ሰው ላይ ለምናደርሰው ጉዳትና ለሠራተኛችን። ትንሹን በኪሳችን፣ ትልቁን በመድን፤ ሐሳቤ ይኸው ነው።

አንዳንድ አረጋውያን ወላጆቻችን መድን ሲባል ዛሬም አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ ይታያቸዋል። አይፈረድባቸውም፤ በ1967 ዓ.ም. 13 የግል መድን ኩባንያዎች ተወርሰው ሥራው በመንግሥት እጅ ከገባ በኋላ ለብዙ ዓመታት እንዲያ ነበር። ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ግን የግል ኩባንያዎች ተመልሰው ሥራውን ገብተውበታል። ስለዚህ ዋጋ ማወዳደር፣ መከራከር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል። ከዚህም በላይ በአካባቢያችን ያሉ እድሮች አንድ ላይ ሆነው ቢቀርቡ ዋጋውንም ያስቀንሳሉ፣ ውሉንም በአማርኛ ያስጽፋሉ። አንድ እድር ሲጠይቅ ለማኝ ይመስላል፤ አሥር እድር ሲጠይቅ ደንበኛ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት ለዚህ አይደል?

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ነቅፎ መሄድ ቀላል ነው እንዳልባል፣ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲወሰን የምጠይቀውን እዚህ አስቀምጣለሁ።

1. ንብረታችን በሙሉ በዛሬ ዋጋ ይቆጠር፤ ቆጠራው በፎቶግራፍና በደረሰኝ ይደገፍ፤ አንዱ ቅጂ ከዕቃ ቤቱ ውጪ ይቀመጥ። ከዕቃው ጋር የተቃጠለ መዝገብ ለማንም አይመሰክርም።

2. ቢያንስ ከሦስት መድን ሰጪዎች ዋጋ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የተካፉል አማራጭም ይካተት።

3. ውሉ በእድሩ ስም ይሁን፤ በሊቀ መንበሩ ወይም በሌላ ሰው ስም አይሁን። ሰው ይለወጣል፣ እድሩ ይኖራል።

4. ከመፈረሙ በፊት የውሉ ትርጉም በአማርኛ በጉባኤ ይነበብ። በተለይም ሦስት ጥያቄዎች ይመለሱ፤ ድንኳኑ ከዕቃ ቤት ውጪ ሳለ ይሸፈናል ወይ? የእድሩ አባል ራሱ ቢጎዳ እንደ ሦስተኛ ወገን ይቆጠራል ወይ? በነፋስ የደረሰውስ?

5. አደጋ ሲደርስ በዚያው ቀን ለመድን ሰጪውና ለፖሊስ የሚያስታውቅ አንድ ኃላፊና አንድ ተተኪ ይመረጡ። ስብሰባው በኋላ ይደርሳል።

6. መድን ተገባም አልተገባም ነዳጁ ዛሬውኑ ከዕቃ ቤት ይውጣ፤ ሽቦው በባለሙያ ይታይ፤ ቁልፉ ሁለት ሰው እጅ ብቻ ይሁን።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልበል። በሠፈራችን ጫፍ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ከ40 ዓመት በላይ አንድም ወር ሳያጓድሉ መዋጮአቸውን ከፍለዋል። ዝናብም ቢሆን ሕመምም ቢሆን በዱላቸው ተደግፈው መጥተው ደብተራቸውን ያስፈርማሉ። አንድ ቀን «እማማ፣ ለምን በልጅ አይልኩትም?» ብላቸው «ልጄ፣ እኔ ሞትን አልፈራም፤ የምፈራው ልጆቼ ድንኳን ፍለጋ ሰው ደጅ እንዳይቆሙ ነው» አሉኝ። እኚህ እናት የ40 ዓመት አደራቸውን ያስቀመጡት በዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከዚያ ጀሪካን አጠገብ ነው። ከማረፋቸው በፊት በነበረው ሌሊት ዕቃ ቤቱ ቢቃጠል ለልጆቻቸው ምን ልንላቸው ነው? «ሌላ ጊዜ ይታያል ብለን ነበር» እንበላቸው?

የሰው አደራ የተሸከመ ትከሻ ራሱም መደገፊያ ያስፈልገዋል። ጉባኤው ሲጠራ እንምጣ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ለትሪው የሰጠነውን ያህል ጊዜ እንስጥ። ተቃውሞ ያለው ይጻፍ፣ ይናገር፤ ሰሌዳው የሁላችን ነው። ዝም ብሎ ማለፍ ግን ከእንግዲህ ይብቃ።

ይታሰብበት!

ከእድሩ አባላት አንዱ